የዘመመችው ላንድሮቨሬ

እሑድ አል ሙሽሪፍ ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ ወንድም ያቆምኳትን አሮጌ ላንድሮቨሬን ዞሮ አያትና «መኪናህ ወደ ቀኝ ዘማለች እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳድሳት የዕረፍት ቀኔን የበላች መኪና፣ ያውም በግራና በቀኝ ክብደቷን የሚሸከም አዲስ ባሌስትራ ባስገባሁላት በሳምንቱ።

ጋራዡ ያለበት አል አይን ከተማ ድረስ በንዴት ነዳሁ። ባሌስትራውን መርጠው የገጠሙልኝ መካኒክ፣ ጋሽ ሙክታር፣ ጋራዣቸው በር ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም። ወርጄ «ይዩዋት፣ አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ። እኩል የሆነ ጥንድ መምረጥ እንዴት ያቅትዎታል?» አልኳቸው።

«እኩል አይደሉም። በነጂው በኩል ያለው ከፍ ይላል» አሉ ረጋ ብለው።

አውቀው ነው ያደረጉት ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ያልኳቸውን ባልጽፈው ይሻላል።

«ኸላስ፣ ጨረስክ?» አሉና ስልኬን ተቀበሉኝ። «በል ግባና መሪውን ያዝ።»

እያጉረመረምኩ ገባሁ። ከፊት ለፊት ፎቶ አነሱና ስልኩን በመስኮት መለሱልኝ። መኪናዋ ቀጥ ብላለች።

«ፋብሪካውም የሠራት ነጂ ሲቀመጥባት እንድትስተካከል ነው» አሉ። «አንተ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለህም። እሷ የምትዘመው አንተ ልትቆጣ ስትወርድ ነው።»