አይሸጥም ያልነው ግራር

አባቴ ከሰል አክሳይ ነበር። ከግራና ከተማ በላይ ካለው ተረተር ግራር እየቆረጠ፣ በአፈር እየዳፈነ አክስሎ፣ መርሳ ገበያ እየሸጠ ነው ያሳደገን። በመጨረሻ ተረተሩ ራቁቱን ቀረ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ማሳችንን ይጠርገው ጀመር። ያን ጊዜ መጥረቢያውን አስቀመጠና ከእኔ ጋር ተረተሩ ላይ ባለው መሬታችን ግራርና ወይራ መትከል ያዘ። ፍየል እንዳይበላብን በእሾህ አጠርን፤ በበጋ በጀሪካን ውሃ እየተሸከምኩ አጠጣሁ።

የሰሜኑ ጦርነት እኛ ዘንድ ሲደርስ ክረምት ነበር። ጎረቤቱ ወደ ደሴ ሸሸ። አባቴ እግሩን ስለሚያመው መሄድ አልቻለም፤ እኔም አብሬው ቀረሁ። መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ከሰል ተወደደ።

አንድ ጠዋት የሰፈራችን ከሰል ነጋዴ መጥረቢያ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«አባ፣ ግራሩን ሽጡልኝ። ካልሸጣችሁልኝ ታጣቂ መጥቶ በነጻ ይቆርጠዋል» አለው አባቴን።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ያጠጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ መልሺለት።»

ቤት ውስጥ የቀረን እህል ለሳምንት አይበቃም ነበር።

«አይሸጥም» አልኩ።

«ሲርብሽ ትፈልጊኛለሽ።»

«ቤትህን አውቀዋለሁ።»

ታጣቂዎቹም አልቀሩም፤ ለምግብ ማብሰያ ብለው ዳር ዳሩን መቁረጥ ጀመሩ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ቅርንጫፉን ልመልምላችሁ፤ ግንዱን ተዉት» አልኩ።

አንደኛው ጠብመንጃውን አስተካከለ። «ለእንጨት ብለሽ ትሞቻለሽ?»

«ይሄ ተረተር አንዴ ሲያልቅ አይቻለሁ። ደግሞ ሲያልቅ ቤት ቁጭ ብዬ አላይም።»

ገፍተውኝ አለፉ። የመንገዱን ዳር ረድፍ በሙሉ ጣሉት። እኔ ግን ቀጣዩ ረድፍ ፊት ሄጄ ቆምኩ፤ ሲመሽ ከኋላዬ ያለውን ሳይነኩ ሄዱ። ለምን እንደተዉት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ አባቴ በምርኩዝ ወጥቶ ጉቶዎቹን አየ። ጓሮ በፌስታል ያፈላናቸው ችግኞች ስለነበሩ በጉቶዎቹ መሃል መቆፈር ጀመርኩ። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ፌስታሉን እየቀደደ ያቀብለኛል። በወልድያ በኩል መድፍ ይሰማ ነበር። ነጋዴው በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየን።

«በዚህ ጊዜ ለማን ነው የምትተክሉት?»

«ላንተ ላለመሸጥ» አለው አባቴ።

በዚያ ክረምት ብዙ ቀን ቆሎ በልተን አደርን። ከችግኞቹ ገሚሱ ደረቀ፤ ከጉቶዎቹ አንዳንዱ አቆጠቆጠ። አባቴ መብራት ሳይመለስ ሞተ፤ አላህ ይማረው። ዛሬም ከተረተሩ ማዶ የከሰል ጭስ ይታየኛል። የሚያበስልበት ባጣ ሰው አልፈርድም። ከእኛ መሬት ግን መትከል ከያዝን ወዲህ አንድ ከረጢት ከሰል አልወጣም፤ እኔ እያለሁም አይወጣም።