ጋሽ ደሳለኝ ዛሬ ውሃ ጠጡ

ዛሬ ባምባሲ ሠርግ ላይ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደሳለኝ ሊጠጡ ያነሱትን ወይን ከእጃቸው ላይ ወሰድኩባቸው። አልጸጸትም።

አምና በልጃቸው ሠርግ እኔን እንዲህ ነበር ያደረጉኝ። ብርጭቆዬን ነጥቀው፣ «ስኳር ያለበት ሰው ወይን አይጠጣም! በሞቴ ውሃ ጠጪ፣ ለጤናሽ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ዘመድ አዝማድ እየሰማ። በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ውሃውን ከእንባዬ ጋር ዋጥኩት።

እልህ ይዞኝ ሐኪሜን ጠየቅኩ። የምወስደውን መድኃኒት አይታ፣ «ጣፋጩ ወይን ይቅርብሽ። ጣፋጭ ያልሆነውን ግን ምግብ በልተሽ አንድ ብርጭቆ ትችያለሽ» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አሶሳ፣ የስኳር ክትትል ወረፋ ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሽ ደሳለኝን! ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው።

(አሳዘኑኝ። ትንሽ።)

ዛሬ ታዲያ ጣፋጩን ወይን ሞልተው፣ «ይሄ እኮ የፍሬ ጭማቂ ነው» እያሉ ሊጨልጡት ሲሉ ተነሳሁ። ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ፣ በትህትና ተቀበልኳቸውና ውሃ አስጨበጥኳቸው።

«ስኳር ያለበት ሰው ወይን አይጠጣም፣ ጋሼ። በሞቴ!» አልኩ፣ ልክ እንደሳቸው ጮክ ብዬ።

ጋሼ ዙሪያቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ውሃውን ጠጡ።

እኔ ጥብሴን በልቼ ስለነበር ጣፋጭ ያልሆነውን ቀዳሁና ብርጭቆዬን አነሳሁላቸው። «ለጤናዎ!»

እናንተስ፣ ለጤናችሁ ብሎ በሰው ፊት ያዋረዳችሁ ዘመድ አለ? ስሙን አትጻፉ። ቀጣዩ ሠርግ መቼ እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።