ጅቤይል ላይ ሳህን ያነሳችው እታጉ አይደለችም

አላመንኩም። አሁንም አላምንም።

ጠዋት ሸሚዝ እየተኮስኩ ስልኬ ጠራ። የእታጉ ቁጥር ነው። ዛሬ ደግሞ ምን በልታ ነው ብዬ እየሳቅኩ አነሳሁት። ያወራችኝ ግን ቤሩት ባውሽሪዬ ሰፈር አብራት የምትኖረው ልጅ ነበረች። እታጉ በሳንባዋ ታማ ሆስፒታል ከገባች ሳምንቷ ነው፤ ተሽሏታል ተብለን ነበር። ትናንት እንኳ የሆስፒታሉን የምስር ሾርባ ስም ስታጠፋ በድምፅ ልካልኛለች። እነዚህ ሰዎች ሎሚ አይተው አያውቁም ወይ አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት አረፈች።

ይህን የምጽፈው ለማልቀስ ብቻ አይደለም። ከሰዓት ጀምሮ የድሮ ጽሁፏን እያወጣችሁ ትለጥፋላችሁ፤ ምግብ ቤት ውስጥ የበላችበትን ሳህን አንስታ ኩሽና የገባችበትን። "ምስኪን፣ በእረፍት ቀኗ እንኳ ሰው ስታገለግል ኖራ ሞተች" ትላላችሁ። አንዱማ አሳዛኝ ሙዚቃ ከጀርባው አስገብቶበታል። ወንድሟ ከደሴ ደውሎ እያለቀሰ፣ «እህቴን እንደዚህ ነበር የሚያደርጓት? እናቴ ለቅሶ ላይ ይህን ብትሰማ ምን ልበላት?» አለኝ።

ስለዚህ እውነቱን ልናገር። ትንሽ ታገሱኝ።

ለማታውቋት፣ እታጉ፣ ሙሉ ስሟ እታገኝ፣ "እሁድ ከእታጉ ጋር" የሚለው ገጽ ባለቤት ናት። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ስታበስል ኖራ ወጣች፤ ከዚያ ቤት ተከራይታ በሥራ ቀን ቤሩት ጀማይዜ ሰፈር ያሉ ምግብ ቤቶችን እያጸዳች ትኖር ነበር። እሁድ ሲሆን ከዶራ መናኸሪያ ቫን ተሳፍራ አንድ ከተማ ትሄዳለች፣ የዚያን ከተማ ምግብ ትበላለች፣ ትጽፋለች። የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ሐጂዝ በሚሉት የፍተሻ ኬላ ላይ ወታደር አስቁሞ ቢጠይቃት ያልቅላት ነበር። ግን ትሄዳለች።

ደግሞ ዝም ብላ አድናቂ አልነበረችም። የሊባኖስን ምግብ ከጀርባ፣ ከኩሽና በኩል ነው የምታውቀው። ዛህሌ ከተማ ላይ ታቡሌ የሚሉት የቅጠል ሰላጣ ቀርቦላት አንድ ጊዜ ጎረሰችና ባቅዱኒሱ፣ ቅጠሉ ማለቷ ነው፣ በቢላ አልተከተፈም፣ በማሽን ነው የተፈጨው አለች። አስተናጋጁ ሄዶ ነገረ። ባለቤቱ ራሱ መጣ። ሰውዬው ደግነቱ ሳቀ፤ እውነቷን ነው፣ እንግዲያው ግቢና ለልጆቹ አሳዪያቸው አላት። እሷም እግሯን አነባብራ፣ «ሙስዬ፣ ዛሬ እሁድ ነው፣ እኔ ደንበኛ ነኝ። ያላ፣ ሌላ ታቡሌ ይምጣ» አለችው። መጣላት፣ በቢላ የተከተፈ። አንድ ሰው ኮመንት ላይ ሲከራከራት የምትመልሰው ሁሌ አንድ ነው፤ «ኸላስ፣ እኔ ቀምሼ ነው የማወራው።»

እኔ ያወቅኳት እንደ ብዙዎቻችሁ በስልክ ነው። አንጠልያስ ማዳሜ ቤት ሁለት ዓመት ከበር አልወጣሁም። የሊባኖሷን ትሪፖሊ ያየሁት በእታጉ ጽሁፍ ነው። ኩናፌ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ውስጥ ከተው ለቁርስ ይበሉታል፣ እኛ ዳቦ በሻይ ስንነክር የሚስቁብን እነዚህ ናቸው ብላ ጽፋ፣ ሳቄን ለማፈን ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቻለሁ። በኋላ በውስጥ ጻፍኩላት። እሁድሽን ጠይቂ አለችኝ፤ እንዴት እንደምጠይቅ፣ ማዳሜ ጥሩ ስሜት ላይ የምትሆንበትን ሰዓት ሳይቀር አስጠናችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያዋን እሁዴን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጅቤይል ከተማ ወሰደችኝ። ባሕሩ ዳር ዓሣ በላን። ስንጨርስ፣ ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነሳሁ። ሳህኖቹን በክንዴ ላይ ደረደርኩ፣ ጠረጴዛውን ጠረግኩ፣ ቀጥ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ማንም አላዘዘኝም። ቧንቧውን ከፍቼ ስፖንጁን ስይዝ ነው አስተናጋጆቹ ፈዘው እንደሚያዩኝ ያወቅኩት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

እታጉ ከኋላዬ መጥታ ቧንቧውን ዘጋች። አልሳቀችም። «ነይ ዝናሽዬ፣ ፍራፍሬው ገና አልመጣም» አለችኝ።

ቫን ውስጥ እንዳትጽፊው ብዬ ለመንኳት። መጻፍ አለበት፣ ይህ ያልደረሰባት ሴት የለችም፣ ብቻዋን የሆነች የሚመስላት ደግሞ ብዙ ናት አለችኝ። ስቅበጠበጥ አይታ ነው መሰለኝ፣ «እሺ በቃ፣ በእኔ ስም ይሁን» አለች።

ዛሬ የምትለጥፉት ጽሁፍ ያ ነው። ሴቱ ሁሉ ከቤሩት፣ ከጂዳ፣ ከዱባይ የራሱን ጻፈ። አንዷ የገዛ እህቷ ሠርግ ላይ ተነስታ እንግዳ ስታስታጥብ እንደዋለች አወራች። እኔስ? እኔ ጉደኛዋ ከሥሩ "ወይ እታጉ፣ አዋረድሽን!" ብዬ ከሚስቁት ጋር ሳቅኩ። አሁንም እዚያው አለ፣ ሄዳችሁ እዩት። ከዛሬ ሌላ አንድም ቀን እኔ ነኝ ብዬ አልተናገርኩም።

እና ምስኪን አትበሏት። እታጉ በእኔ እፍረት ላይ ስሟን የጻፈች ሴት ናት። ከምግብ ጠረጴዛ ላይ በማንም ምክንያት ተነስታ አታውቅም።

እታጉዬ፣ በሕይወት እያለሽ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ፣ ይቅር በይኝ። ለወንድምሽ አሁን ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰ። ለእማማ የዛህሌውን ጽሁፍ አነብላታለሁ ብሏል። ከእንግዲህ በዚያ ሳህን የሚስቅም የሚያዝንም ካለ በእኔ ይሁን። ዝናሽ እባላለሁ፣ አንጠልያስ ነው የምሠራው።

አንቺ ግን እታጉ እህቴ፣ ሰማይ ቤት ቀና ብለሽ ግቢ።