አሥራ ሦስት ዲግሪ

ሁልጊዜ ጠዋት፣ የክትባቱን ፍሪጅ ከመክፈታቸው በፊት፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው መዳፋቸውን በሩ ላይ ያሳርፋሉ። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላቸው። የጋውናቸው ክርን ተጥፏል።

ሰኞ ዕለት፣ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ፣ ከስምንት ማለፍ የሌለበት ቴርሞሜትር አሥራ ሦስት አለ።

"ሲስተር፣ እናቶቹ ከቱላ ድረስ ነው የመጡት" አላቸው ኃላፊው። "ስድስት ብለው ይጻፉና ልጆቹን ይክተቡ።"

"አሥራ ሦስት ነው። ስድስት ካልክ አንተው ጽፈህ ፈርም፤ እስክሪብቶው ይኸው።"

"ከሥራ ያስወጣዎታል!"

"ያስወጣኛ! የተበላሸ ክትባት አልወጋም።"

ወጥተው ለእናቶቹ ራሳቸው ነገሯቸው።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ሕፃን አዝላ ከሁሉም ቀድማ የተሰለፈችው፣ ከሁሉም ቀድመው የመለሷት፣ የገዛ ልጃቸው መሆኗን ግን "እሱን ተዪው" ብለውኛል።