ጋሽ ጠርጥርና የቀይ ሥሩ ጭማቂ

ሥራቸው ቁልፍ መቅረጽ ነው። ሌባውም ባለቤቱም እኩል እየማለ «ቁልፌ ጠፋብኝ» ስለሚላቸው፣ ሰው ማመን ከተዉ ቆይተዋል። ሰፈሩ «ጋሽ ጠርጥር» ይላቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው።

ባለፈው ክረምት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። የክሊኒኩ ሐኪም የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን፣ ልባቸውም መድከሙን ነግራ ክኒን አዘዘችላቸው። «አትክልትም ያብዙ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ምራትየው ጠዋት ጠዋት ቀይ ሥር ጨምቃ ታቀርብላቸው ጀመር፤ ምሳ ላይ ደግሞ ሰላጣና ቆስጣ። ነገሩ አልጣማቸውም። በቅርቡ በመኝታ ክፍል ነገር ተኳርፈዋል፤ እሷ ለሚወለደው ልጅ ክፍላቸውን ስትጠይቅ፣ እሳቸው «ሬሳዬ ካልወጣ አልለቅም» ብለው። ታዲያ ይህ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ?

ልጃቸው አጠገባቸው ስለሚቀመጥ እምቢ ማለት አልቻሉም። ይጠጡና መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ጀርም ይገድላል በተባለ የአፍ ማጠቢያ ምላሳቸው እስኪቃጠል ይጉመጠመጣሉ። መርዝም ከሆነ ይታጠብልኝ ብለው ነው።

አንድ ጠዋት ሽንታቸው ቀልቶ አዩ። ክው አሉ። «በላችኝ!» ብለው የተረፈውን ጭማቂ በጠርሙስ ቀዱና ኮታቸው ውስጥ ሸሽገው ክሊኒክ ሄዱ።

«ዶክተር፣ ይህን መርምሪልኝ። ምራቴ ናት ያጠጣችኝ።»

ሐኪሟ አሸተተችው። «ቀይ ሥር እኮ ነው አባቴ። ሽንት ያቀላል። ለማንኛውም ሽንትዎን እንየው።»

ሽንታቸው ደም አልተገኘበትም።

«ታዲያ ለልብ ምን ይሠራል?»

«ቀይ ሥርም ቅጠሉም ናይትሬት የሚባል ነገር አላቸው። አፍዎ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ ከዚያ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የደም ሥር ያላላል። የደም ሥር ሲላላ ልብ ሸክሟ ይቀልላታል። ክኒኑን ግን አይተካም።»

«ባክቴሪያ? እኔ እኮ በየቀኑ እፈጃቸዋለሁ!» ብለው ስለ መጉመጥመጣቸው ነገሯት።

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። «እንግዲያው ጥቅሙን አብረው ነዋ የሚተፉት!»

ጋሽ ጠርጥር ዓይናቸውን አጠበቡ። «አንቺና እሷ ትተዋወቃላችሁ?»

ቤት ሲገቡ ምራትየው ጠርሙሱን እጃቸው ላይ አይታ ነገሩ ገባት።

«አስመረመሩኝ አባባ?»

«አስመረመርኩሽ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

እንባዋ መጣ። አልጮኸችም። ቢላዋውንና ቀይ ሥሩን ፊታቸው አስቀመጠች። «ከነገ ጀምሮ ራስዎ ይጭመቁት። እኔ የልጄን አያት በሕይወት ላቆይ ብዬ ነበር።»

የአፍ ማጠቢያውን ጣሉት። ክኒናቸውን ሳያቋርጡ፣ እጃቸው እየቀላ መጭመቅ ያዙ። ከሳምንታት በኋላ ደረጃውን ሲወጡ እንደ በፊቱ አላለከለኩም፤ ግፊታቸውም ወርዶ ተገኘ። ሐኪሟ «ክኒኑም፣ አትክልቱም ሊሆን ይችላል» ስትል፣ «አንዱን ብቻ ንገሪኝ» ብለው ሞገቷት። ክፍሉን አልለቀቁም፤ የሕፃኑን አልጋ ግን ከአልጋቸው አጠገብ ራሳቸው ገጠሙ።

አሁን ለምራታቸውም አንድ ብርጭቆ ይቀዱላታል። እሷ ታዲያ ቶሎ አታነሳውም። ፈገግ ሳትል፣ አስቀድመው እሳቸው እስኪቀምሱ ትጠብቃለች።