ስልከኛዋ እትዬ ወርቅነሽ

ባለፈው ክረምት ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ በሹክሹክታ ራሷን ታስተዋውቅ ነበር። ስሟን ትልና ታቆማለች፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። የትምህርት ማስረጃዋን ዝናብ እንዳይነካው በጋቢዋ ጠቅልላዋለች። ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንደምትሄድ ገባኝ። የእርጥቡ ጋቢ ሽታና ያ ሹክሹክታ እትዬ ወርቅነሽን አመጡብኝ።

እትዬ ወርቅነሽ ጎረቤታችን ነበሩ። በልጅነቴ የአንኮበር ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆነው ይሠሩ ስለነበር፣ ከእንጨት ሳጥኑ ፊት ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ ሰውን ከሰው ያገናኛሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ ሥር ቆሜ «ሃሎ ደብረ ብርሃን» የሚለውን ጥርት ያለ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ቁጭ ማለት አይሆንላቸውም፤ መስመር እስኪገኝ እንኳ ማዳመጫውን እንዳጠለቁ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ መልሰው ይነሳሉ። ቃሌን ዋጥ አድርጌ ሰላም ስላቸው፣ «ማዶ ያለው ሰው አልሰማሽም» ይሉኛል።

በነርስነት ተመርቄ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ወደቅኩ። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ የአባቴን ስምና የትውልድ ቀበሌዬን ብቻ ተናግሬ ወጣሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ታናናሾቼ የሚጠብቁት እኔን ነበር። እናቴ እንደ ወትሮው እራት አቀረበችልኝ። ደብረ ብርሃን ካለ ክሊኒክ ሁለተኛ ጥሪ ሲመጣማ እህል አልወርድ አለኝ።

እትዬ ወርቅነሽ ይህን ሰምተው መጡ። እናቴ አረፍ ይበሉ ብትላቸው እምቢ አሉ። «ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝና ከከተማው በላይ ወዳለው የድሮ ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ተያያዝነው። እየወጣን ይጠይቁኛል፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እመልሳለሁ።

«በተማሪነትሽ ከሁሉ የከበደሽ ቀን የቱ ነው?»

ለልምምድ በወጣሁበት ጤና ጣቢያ፣ አዋላጇ አንዲት ታማሚ ይዛ በአምቡላንስ ሄዳ ብቻዬን የቀረሁበትን ቀን ነገርኳቸው። ወዲያው ምጥ የጠናባት እናት መጣች። ለአዋላጇ ደውዬ የምትለኝን እየሰማሁ፣ እየፈራሁ ልጁን ተቀበልኩ። ሁለቱም በደህና ወጡ።

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ጉራ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ጉራ ያልሠሩትን ማውራት ነው። አንቺ ካልነገርሻቸው ከየት ያውቁታል?»

ዳገቱ መሃል ላይ ቆም አሉ። «አውቶማቲክ ስልክ ሲገባ፣» አሉኝ፣ «እኔንም ለሌላ ሥራ ደብረ ብርሃን ጠርተው ጠይቀውኝ ነበር። የሰው ድምፅ ሳገናኝ ኖሬ የራሴ ጠፋኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ በሄድኩበት ሁሉ ያኔ ያልሰጠሁትን መልስ በልቤ እመልሳለሁ።» ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

በቀጠሮው ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ክሊኒኩ ስንደርስ እሳቸው ደጅ ቀሩ፣ እኔ ገባሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ሽበታም ሐኪም፣ «ከአቅምሽ በላይ የሆነ ነገር ቢገጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። «እንደማልችል ቶሎ እናገራለሁ፤ የሚችል ሰው እጠራለሁ። እስኪመጣ ግን ከታማሚው አልለይም» አልኩና የጤና ጣቢያውን ነገር ከነፍርሃቴ አወራሁላቸው። ሐኪሙ መጻፉን ትቶ ያዳምጠኝ ጀመር።

ስወጣ እትዬ ወርቅነሽ ካፊያው እየመታቸው በአጥሩ ጥግ ይመላለሳሉ።

«ተናገርሽ?» አሉኝ።

«ተናገርኩ።»

«በቃ» አሉ። ይቀበሉሽ ይሆን ብለው አልጠየቁኝም። ተቀበሉኝ፤ ሥራ ከጀመርኩም እነሆ ዓመታት አለፉ።

እትዬ ወርቅነሽ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ተቀመጥኩ። አንዷ መዘዞ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነች፣ ሌላዋ ደብረ ሲና ባንክ ትሠራለች። ወግ ስንጀምር፣ እያንዳንዳችንን ያን ዳገት እየጠየቁ አውጥተውን ኖሯል፤ ሁላችንም ለእኔ ብቻ ያደረጉት ይመስለን ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። በማግስቱ እዚያው ለቅሶ ቤት ስለ እሳቸው የሚናገር ሰው ሲጠየቅ፣ ከየመቀመጫችን እኩል ተነሳን።