ማሽኑ ያልጻፈው ጠዋት

ሰዎች «ሚሞሪ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በሥራው ብቻ ሳይሆን የሰው ስም መያዝ ስለማይሆንለትም ጭምር ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት የስልክ መጠገኛ ኪዮስክ ተቀምጦ የሞቱ ሚሞሪ ካርዶችን ሲያስነሳ፣ ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በስልካቸው ነበር። «ስክሪኗ የተሰነጠቀባት መጣች» ይላል። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ከሁለት ልጆቿ ጋር አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ «አንድ ቀን እኔንም ቻርጀሬን አይተህ ነው የምትለየኝ» እያለች ታሾፍበታለች።

በሠላሳ ሦስት ዓመቱ አንድ የክትባት መጋዘን ውስጥ በቴክኒሻንነት ተቀጠረ። ሥራው ፍሪጆቹ ላይ የተገጠሙትን የሙቀት መመዝገቢያዎች መንከባከብ ነው። መመዝገቢያዋ መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ የፍሪጁን ሙቀት በየደቂቃው እየለካች ሚሞሪ ካርዷ ላይ ትጽፋለች። ችግሩ ካርዶቹ ሰባት ወር አይሞላቸውም፤ ይሞታሉ። ምክንያቱን ለአለቃው ሲያስረዳ እርሳስና ላጲስ አነሳ። አንድ ቦታ ላይ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፣ አጠፋ። ወረቀቱ ተቀደደ።

«ካርዱም እንደዚሁ ነው ጋሼ። እየተጻፈበት እየተሰረዘ ያልቃል።»

ስለዚህ አሠራሩን ለወጠው። ማሽኗ ልኬቱን በጊዜያዊ ሚሞሪዋ እያጠራቀመች በየአራት ሰዓቱ አንድ ጊዜ ብቻ ካርዱ ላይ እንድትጽፍ፣ የምትጽፍበትንም ቦታ እንድታፈራርቅ አደረጋት። ካርዶቹ መሞታቸውን ተዉ። ሁለት ሳምንት ይቆይ የነበረው መጠባበቂያ ባትሪ ሁለት ወር ቆየ። ማንም ቁጥር እንዳይነካካ ደግሞ መዝገቡን በምስጢር ቁጥር ቆለፈው። አለቃው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበለት።

አንድ ቀዳዳ ግን ቀርቶ ነበር። ጊዜያዊው ሚሞሪ ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ያን ጊዜ ያልተጻፈውን ለማስጻፍ የምትበቃ ኃይል የምትይዝ አንዲት ትንሽ ዕቃ ያስፈልግ ነበር። ዕቃዋ ታዘዘች፤ አልመጣችም። የሙከራ ቅጹ ግን መጣ። «ኃይል ሲቋረጥ መረጃ አይጠፋም» ከሚለው ጎን «ተሞክሯል» ብሎ ፈረመ። «ዕቃዋ ስትመጣ እገጥማታለሁ፤ እስከዚያው ባትሪው አለ» አለ በሆዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የፊርማ ወለምታ ከዚያም ይብሳል።

የመጋዘኑ ንብረት ያዥ፣ ቁልፍ በወገባቸው እያንሿሹ ስለሚሄዱ «እትዬ ቁልፍ» የሚባሉ ሴት ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ሠርተዋል፤ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። የመጋዘኑ ቅዝቃዜ ጉልበታቸውን ገድሎታል። ከሁለት ዓመት በፊት የፍሪጅ ሶኬት ነቅለው ማሞቂያ ሲሰኩ ተይዘው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሦስተኛው ፍሪጅ ጠፍቶ ተገኘ። ብሬከሩ ወድቋል። ብልቃጦቹ ላይ ያለው፣ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁረው ምልክት ሁሉ ጠቁሯል፤ ሦስት ሺህ ብልቃጥ ክትባት ተበላሸ። ከዚያው ብሬከር ኃይል የምታገኘው መመዝገቢያም፣ ባትሪዋ አስቀድሞ ደርቆ ስለነበር፣ አብራ ሞታለች። ካርዷ ሲነበብ የመጨረሻው መስመር ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይላል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ የመጋዘኑን በር ከፍተው የገቡት እትዬ ቁልፍ ነበሩ።

ሚሞሪ ገና ቁጥሩን ሲያይ ገባው። ወደ በሩ ዘበኛ ሄደ።

«ቅዳሜ መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?»

«ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ብልጭ ብሎ ሄዶ ተመለሰ። ራዲዮኔን ሊያቃጥልብኝ ነበር እኮ!»

ብሬከሩን የጣለው ያ ብልጭታ ነው። ማሽኗ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያጠራቀመችውን ስድስት ሰዓት ላይ ልትጽፍ አሥር ደቂቃ ሲቀራት፣ ሁሉንም ረስታ ሞተች። ሁለት ሰዓት ካርዱ የተጻፈበት እንጂ ፍሪጁ የጠፋበት ሰዓት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ከሚሞሪ በቀር ሰው የለም።

በማግስቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። እሱም እንደ ባለሙያ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጠው።

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ የፍሪጁ መብራት አረንጓዴ ነበር» አሉ እትዬ ቁልፍ።

«ማሽኑ ሁለት ሰዓት ላይ ጠፋ ነው የሚለው» አለ አለቃው። «እርስዎ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ያቺን ማሞቂያ ሰክተው ብሬከሩን ጥለውት ይሆናላ።»

«ማሞቂያዬን እናንተው ወስዳችሁ የለም እንዴ? ደህና አድርጋ ታሞቃችሁ ይሆናል።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። አለቃው አልሳቀም፤ ወደ ጥግ ዞረ። «አንተ፣ መዝገቡ ተነካክቷል?»

«አልተነካካም» አለ ሚሞሪ። እውነቱን ነው።

«የተሞከረ ማሽን ነው። ፊርማው ይኸው» አለ አለቃው።

ቤቱ ሲደርስ ለእህቱ ነገራት። እህቱ የልጆቿን ዩኒፎርም እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን ሳታስቀምጥ አዳመጠችው።

«ብትናገር ምን ትሆናለህ?»

«ሳይሞክር ፈረመ ተብዬ እባረራለሁ።»

«እሳቸው ባትናገርም ከሰባት ወር በኋላ መውጣታቸው ነው።» ካውያውን አስቀመጠች። «እነዚህ ልጆች ግን ገና ሁለተኛና አምስተኛ ክፍል ናቸው።»

ረቡዕ ወደ ሥራ ሄደ። አንድ ሁለቴ እስከ አለቃው በር ደርሶ ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት ገባና ሁሉንም ተናገረ። ማሽኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ባትሪዋን ነቀለ፣ መለሰ፣ ካርዷን አስነበበ። ከመጨረሻው ጽሑፍ ወዲህ ያለው ሁሉ ባዶ ነበር።

አለቃው ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ አስጠጋለት። እትዬ ቁልፍ ጥፋታቸውን አምነው ፈርመዋል። ካመኑ ግማሽ ጡረታ፣ ካላመኑ ክስ ተብለው ነበር።

«እሳቸው አመኑ። አንተ ወይ ያኔ ዋሽተሃል ወይ አሁን እየዋሸህ ነው። ከሁለቱ በየትኛው ላባርርህ?»

ከሰዓት በኋላ እትዬ ቁልፍ ቤት ሄደ። አንዲት ክፍል ናት፤ ጉልበታቸው ላይ ፎጣ ጠቅልለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሞ ነገራቸው።

«እንግዲያ ስወጣ አረንጓዴ ነበር?»

«አረንጓዴ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ጉልበቴን ሲጠዘጥዘኝ አንድ ነገር ሰክቼ ረስቼው ይሆን አልኩ። ማሽን ከአሮጊት ይሻላል ብዬ ፈረምኩ።» ፎጣውን አጠበቁ። «መቼ አወቅክ?»

«ሰኞ።»

«እኔ የፈረምኩት ትናንት ከሰዓት ነው።»

ፎጣውን ፈትተው እንደገና ጠቀለሉት።

«ልጄ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት» አሉ። «ክትባት የለም እያለች እናቶችን ስትመልስ ነው የሰነበተችው። ‹እማዬ፣ አንቺ ነሽ ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። ፈርሜያለሁ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።» ከትራሱ ሥር ደብተር አውጥተው ሰጡት። «ጻፍልኝ።»

«ለኮሚቴው?»

«ኮሚቴው ምን ያደርግልኛል? ለልጄ ጻፍላት።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ስለ ብሬከሩ፣ ሳይሞክር ስለፈረመው ቅጽ ጻፈ። ስሙን አኑሮ ሊሰጣቸው ሲል እጁን መለሱት።

«ቀኑንም ጻፍ» አሉ። «ያወቅክበትን ቀን።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ሰኞ» ብሎ ጻፈ።